ግባ ወይስ ይግቡ

እትዬ ስንት ጊዜ እንደተነከሰች ቆጥራ አታውቅም። የሚነከሱት የፊልም ሴቶች ናቸው፤ የምትጮህላቸው ግን እሷ ናት። ከባሕር ማዶ የሚመጡ የደም መጣጭ ፊልሞችን ወደ ቋንቋችን በምንመልስበት ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ብቻዋን ቤት የቀረች ልጅ ሁሉ፣ መስኮት ዳር የቆመች ሙሽራ ሁሉ፣ መብራት ሲጠፋ "ማነው?" የምትል ሴት ሁሉ ድምፅዋ የእትዬ ነው። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጬ እቀዳለሁ፤ እሷ ከመስታወቱ ወዲያ ቆማ ትሞታለች። ሞታ ስትጨርስ የጆሮ ማዳመጫውን ታወርድና "ሻይ አለ?" ትላለች።

የሰው ታሪክ ለመጻፍ ሰውየው ስመ ጥር መሆን አለበት የሚል አንባቢ ካለ፣ እዚህ ላይ ቢያቆም አልቀየመውም። እትዬን በመልክ የሚያውቃት የለም። ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ስትል ዞር ብለው የሚያዩዋት ሰዎች አሉ። ድምፁን የት እንደሰሙት ግን አይመጣላቸውም፤ መልሰው ወደ መስኮቱ ይዞራሉ።

አብረን ስንሠራ ብዙ ዘመን ሆኖናል። ስትቆጣ አይቻት አላውቅም፣ ስትደሰትም እንደዚያው። ቀልድ ሲወራ ሁሉም ስቆ ሲያበቃ እሷ ትስቃለች፣ ያውም ለይሉኝታ። አንድ ጊዜ የስቱዲዮው ከባድ በር ጣቷን ቆረጠማት። ደሙን ያየሁት እኔ ነኝ። "ደምቷል እንዴ?" ብላ የሌላ ሰው ጣት እንደምታይ አየችው። ሰው "ጨዋ ናት" ይላታል። ዝም ያለች ሴት ሁሉ ጨዋ ትባላለች፤ እኔ ግን አፌን መዝጋት ስለማልችል ይህ ስም ደርሶኝ አያውቅም።

ስቱዲዮአችን በመስታወት ለሁለት የተከፈለች አንድ ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ ድምፅ እንዳያስተጋባ የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶንና አሮጌ ብርድ ልብስ ለጥፈንበታል። አለቃ የምንለው ሰው ባለቤትም፣ ተርጓሚም፣ አዘጋጅም እሱ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል፤ አለቃ ሦስት ዛፍ ላይ ነው ያለው። አንድ ጊዜ "ደም መጣጭ ካልተጋበዘ ቤት አይገባም" ብሎ ተርጉሞ አምጥቶ፣ ጥርሱ የምንለው ባልደረባችን "ምን ይጋበዛል? ምሳ?" ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲስቅበት ዋለ።

ጥርሱ የደም መጣጮቹ ሁሉ ድምፅ ነው። ሽማግሌ ነው፤ ከአፉ ውስጥ አንድም የራሱ ጥርስ የለም። ሰው ሠራሹ ጥርስ ሲናገር እየተንቀጫቀጨ ቀረጻ ስለሚያበላሽብን፣ ቀስ ብሎ የሚናገርበት ቦታ ላይ አውልቆ በመሀረቡ ይጠቀልለዋል። ስለዚህ የእኛ አገር ተመልካች አንገቱን የሚሸፍነው ጥርስ ከሌለው ሰው ፈርቶ ነው።

ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነ ጊዜ የያዝነው ፊልም ከሌሎቹ የተለየ አልነበረም። ደም መጣጩ መልከ መልካም ነው፤ አስቀያሚ ደም መጣጭ ገጥሞኝም አያውቅ። ልጅቷ ብቻዋን ናት። እናትየዋ የሆነ ቦታ ሄዳለች። እሱ ደጃፍ ላይ ቆሞ "ልግባ?" ይላል። ሕጋቸው ነው፤ ከቤቱ ሰው አፍ ቃል ካልወጣ እግሩ ደፉን አያልፍም። ልጅቷ ታመነታለች። እሱ ደግሞ ዳግመኛ እንደማታለቅስ፣ ምንም ነገር እንደማያማት ቃል ይገባላታል። ያኔ "ግባ" ትለዋለች። መጨረሻው ላይ ያቺው ልጅ ገርጥታና ቀዝቅዛ የታናሽ እህቷ መስኮት ሥር ቆማ "ክፈቺልኝ፣ እኔ ነኝ" ትላለች። ታናሿም ትከፍታለች። በዚያው ያልቃል።

ልምምድ ላይ እትዬ "ግባ" የምትለውን አለች፤ ምንም አልሆነችም። ነገር ያመጣው ጥርሱ ነው።

"ቆይ ቆይ" አለ። "ይኼ ሰውዬ ዕድሜው ሦስት መቶ ዓመት ነው። እንዴት እንደ ጎረምሳ አንተ ትለዋለች? ልጅቷን ያሳደጋት የለም?"

"ፊቱ እኮ የሃያ ዓመት ልጅ ነው" አልኩት።

"አንቱ የሚባለው ፊት ነው ዕድሜ?"

እኔ ለቀልድ የመጣ መስሎኝ ሳቅሁ። አለቃ ግን እስክሪብቶውን አወጣ። አንዴ አንተ ብላ ልጅቷ ባለጌ ከመሰለች ተመልካች አያዝንላትም አለ፤ ሰረዘና "ይግቡ" ብሎ ጻፈበት። "ይኼ ይሻላል። ጨዋ ልጅ ናት፣ አክብራ ነው ያስገባችው። ለነገሩ እንዲህ ዓይነት ፊልም ትምህርት ነው። በር የከፈተ ራሱን ይውቀስ።"

የቀረጻውን መብራት አበራሁ። ጥርሱ ጥርሱን አውልቆ፣ በዚያ ማር በሆነ ድምፁ "ልግባ?" አለ። ከእትዬ በኩል ምንም አልመጣም። ገመድ የተነቀለ መስሎኝ ከጠረጴዛው ሥር ገብቼ ፈለግሁ። ስወጣ እትዬ ወረቀቱን ይዛ እንደቆመች ናት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ደገምን። ሠለስን።

"ይቺን ሌላ ቀን ልበላት" አለች።

አለቃ "ሦስት ፊደል እኮ ናት" ብሎ አጉረመረመ። የቀረውን ግን ሁሉንም ሠራች። ጩኸቱን ጮኸች፣ ተነከሰች፣ ሞተች፣ ከሞት ተነስታ "ክፈቺልኝ" አለች። ይህን ሁሉ ስትል ፊቷ ላይ የታየ ነገር የለም። አንዲት ቃል ብቻ ባዶ ቦታዋን ይዛ ቀረች።

ሻያችንን የምንጠጣው ደረጃው መታጠፊያ ላይ ነው። ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ ነገረችኝ። እንደ ፊልሙ ማጀቢያ ሙዚቃ የለው፣ እንባ የለው፤ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት የምትነግረኝ ነበር የምትመስለው።

"የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ጋሼ ነው የምለው። ደመ ግቡ ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ ደመ ግቡ እያለ ነበር የሚያወራለት። እናቴ የሌለች ቀን መጣና 'ቤቶች' አለ። 'ይግቡ ጋሼ' አልኩት። እንደዚያ እያልኩ ነው ያደግሁት። ትንሽ ክብ የእጅ መስታወት አወጣልኝ። 'ደም ግባትሽን እዪበት' አለኝ። 'ለእናትሽ አትንገሪ፣ የኔና ያንቺ ነው' አለኝ።" ሻይዋን ፉት አለች። "የቀረውን አልነግርሽም። ሳልነግርሽም ገብቶሻል።"

ገብቶኛል።

"ለእናቴ ነገርኳት። መሬት መሬቱን አየችና 'ማን ግባ አለው?' አለችኝ። በቃ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አንስታ አታውቅም። እኔም ደነዘዝኩ። ጥርስ ሲነቀል የሚወጉሽን መርፌ ታውቂው የለ? እንደዚያ፤ የእኔው አልለቅ አለ እንጂ። መደንዘዙን አልጠላሁትም ግን። አያምም።"

ደሜ ፈላ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ጥሩ ቃል እንዳልነበረ ግን አስታውሳለሁ። እሷ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"አሁን ምን አመጣው መሰለሽ?" አለች። "ቅዳሜ ሊመጣ ነው። ሊኖር።"

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ አላገባችም። ቤቱ የራሷ ነው። አሮጊት እናቷን፣ እማማን፣ ወስዳ የምትጦረው እሷ ናት፤ ጩጬ የምንላት የወንድሟ ልጅም ለትምህርት መጥታ እዚያው ትኖራለች። ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እትዬ ያኔ የነበረችበት ዕድሜ። ሰውየው ሚስቱ ሞታ ልጆቹም ፊት ነስተውት ማረፊያ አጥቷል። እማማ "ወንድሜ ሜዳ ላይ አይወድቅም" ብለው ተነስተዋል። ልጅቷ የምትተኛበትን ጓዳ በመጋረጃ ለሁለት ከፍለን ከወዲያ እሱ፣ ከወዲህ እሷ ይሁኑ ነው የሚሉት። እሺ ካለች መርቀዋት ሊሞቱ፤ እምቢ ካለች ደግሞ ዓይኗን ላያዩ።

አንቱ ልለው የሚገባኝን ሰው አንተ እያልኩ ነው የምጽፈው። እያወቅሁ ነው።

"እና ምን ልትያቸው ነው?" አልኳት።

"እሺ ልላት ነው መሰለኝ። አንድ ቃል ናት። ቤቱ ሰላም ይሆናል፣ እናቴ ትመርቀኛለች፣ ዘመድ አዝማዱም ከላዬ ላይ ይወርዳል። እሱም አርጅቷል። እኔ እንደሆን ምንም አይሰማኝም። ምን ይቀርብኛል?"

"ጩጬስ?"

"እጠብቃታለሁ።"

"ቀኑን ሙሉ እዚህ ስትሞቺ እየዋልሽ ማን ነው የሚጠብቃት? የፊልሙን መጨረሻ አንብበሽዋል አይደል? ለታናሿ ደም መጣጩን ያመጣችባት ማን ናት? ራሷ የተነከሰችው አይደለችም?"

"እሱ ፊልም ነው" አለች። ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። "ደግሞ አትቆጪ። ያንቺ ቁጣ ለኔ አይሆነኝም።"

ይህ አባባሏ አስከፋኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ዕቃ ሳጥብ ብርጭቆ ሰበርኩ።

በነጋታው ከሁላችን ቀድማ መጥታ ጠበቀችን። ካፖርቷን ሳታወልቅ ማይክራፎኑ ፊት ቆመች። ጥርሱ "ልግባ?" አለ። "ይግቡ" አለችው። ባንድ ጊዜ ወጣ። ድምፁ ፍርሃት የለው፣ ጉጉት የለው፤ አስተናጋጅ "ሌላ ምን ልጨምር?" ስትል እንኳ ከዚያ ይሻላል።

አለቃ ከወንበሩ ተነሳ። "ይኼ ነው!" አለ። "ነፍሷ አስቀድሞ እንደወጣ አድርጋ ነው እኮ የተጫወተችው። ይኼን ማን ይችለዋል?"

ጥርሱ አልሳቀም። መሀረቡን ፈትቶ ጥርሱን አፉ ውስጥ መለሰና "እኔ ብሆን በዚህ ድምፅ አልገባም ነበር" አለ። ስለ እትዬ ነገር ለእሱ የነገረው ሰው የለም። እኔ ግን ቁርጡን ያወቅሁት ያኔ ነው። ወስናለች፤ ቅዳሜ ያንኑ ቃል በዚያው ድምፅ ልትደግመው ነው።

የእኔና የእትዬ ቤት አጥር ለአጥር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አልጋ እንድንፈታ ጠራችኝ። ላለመሄድ አስቤ ነበር፤ ሄድኩ። እማማ ሳሎን ውስጥ ከበሩ ትይዩ ተቀምጠዋል፤ ንጹሕ ሻሽ አስረዋል፣ ፊታቸው በርቷል። ጓዳው ውስጥ የመጋረጃው ብረት ተሰቅሏል። የልጅቷ አልጋ ለመጋረጃው ቦታ ስላስቸገረ ፈትቶ ወደ ግድግዳው ማስጠጋት ነበረብን። እትዬ በመፍቻው ቡሎን ትፈታለች፣ እኔ እግሩን እይዛለሁ፣ ጩጬ የተፈታውን ቡሎን በመዳፏ ትሰበስባለች። ስለ ትምህርት ቤት እያወራች ነው፤ ከእኛ መሐል የሚሰማት የለም።

ቡሎኖቹ መዳፏን ሲሞሉት ማስቀመጫ ፈልጋ የደብተር ቦርሳዋን ገለበጠች። ከደብተሮቹ ጋር አንድ ክብ የእጅ መስታወት ወደቀ።

እትዬ አየችው። "ማን ሰጠሽ?"

ልጅቷ ቀላች። "ጋሼ ናቸው። ማክሰኞ መጥተው ነበር። አያቴ ተኝታ ስለነበር እኔ ከፈትኩላቸው።"

"ምን አሉሽ?"

"'ደም ግባት አለሽ፣ እዪበት' አሉኝ።" ትንሽ አመነታች። "ለአክስትሽ አትንገሪ፣ የኔና ያንቺ ነው ብለውኝ ነበር። አትቆጪኝም አይደል?"

"አልቆጣሽም። ሌላስ?"

"ሌላ ምንም። አያቴ ስትነቃና ስታስል ሰሙና ቁጭ እንኳን ሳይሉ ሄዱ።"

እኔ የአልጋውን እግር እንደያዝኩ ነኝ። እትዬ ከልጅቷ መዳፍ አንድ ቡሎን አነሳች፣ ቀዳዳው ላይ አደረገችና መልሳ ማሰር ጀመረች። አንዱን አሰረች፣ ሁለተኛውን ቀጠለች።

"አክስቴ፣ እየፈታን አልነበር እንዴ?" አለች ጩጬ።

"ቤቶች!" አለ አንድ ሰው ከደጅ።

"መጣ!" አሉ እማማ። "ጩጬ፣ ግቡ በያቸው እንጂ!"

ልጅቷ ያሳደጓት ልጅ ናት፤ ወዲያው ብድግ አለች፣ አፏንም ከፈተች። እትዬ ትከሻዋን ያዘቻት። "አንቺ እዚሁ ሁኚ" አለቻት። መስታወቱን ከወለሉ አነሳች፣ መፍቻውንም ሳታስቀምጥ ወደ በሩ ሄደች። እኔም ከኋላዋ ተከተልኩ፤ ምን ላደርግ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ከፈተችው። ሰውየው ደፉ ላይ ቆሟል። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ኮቱ ተተኩሷል፣ ሻንጣው ከእግሩ ሥር ነው። አሁንም መልከ መልካም ነው፤ ይህን መጻፍ ቢያንገሸግሸኝም እውነት ነው። ፈገግ አለና፣ እንዳደገበት ወግ ፈቃድ ጠየቀ።

"ልጄ፣ ልግባ?"

"አትግባ" አለችው።

አይግቡ አላለችም። አትግባ ነው ያለችው። ሰውየው በመጀመሪያ የሰማው እሱን ነው። ፊቱ ላይ ያለው ፈገግታ ጠፋና በእትዬ ትከሻ ላይ አሻግሮ እህቱን ተመለከተ።

"ሰማሽ?" አላቸው። "ልጅሽ እኮ አንተ አለችኝ።"

ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ነውር ሆኖ የታየው ይህ ነው።

"ኧረ ልጄ!" አሉ እማማ፣ የወንበሩን እጀታ ይዘው ለመነሳት እየሞከሩ። "ወንድሜ ነው። ደጅ አቁመሽው? ምን ሆንሽ? አስገቢው!"

እትዬ ወደ እናቷ አልዞረችም። ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ እኔ ግን ያንን ድምፅ በማዳመጫዬ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

"እማዬ፣ ያኔ 'ማን ግባ አለው' ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ዛሬ ማንም አላለውም።"

መስታወቱን ሻንጣው ላይ አስቀመጠችለት። "ዕቃህን ያዝ" አለችው። በሩን ዘጋችው፣ ቁልፉንም አዞረች። ሰውየው ትንሽ ቆመ። ከዚያ ሻንጣውን ሲያነሳ፣ ደረጃውን ሲወርድ ተሰማን።

እማማ መልሰው ተቀመጡ። ይሰድቧታል፣ ይረግሟታል ብዬ ጠበቅሁ፤ መልሱንም አዘጋጅቼ ነበር፣ ለአሮጊት የሚባል አልነበረም። እሳቸው ግን ሻሻቸውን ፈቱና ጉልበታቸው ላይ አጠፉት። ደግመው አጠፉት። ከዚያ ሻሹን እያዩ ተናገሩ።

"ያኔም አንቺ አይደለሽም" አሉ። "ከዚያ ቀን በፊት 'ቤትህ ነው፣ እኔ ባልኖርም ግባ' ብዬዋለሁ። ግባ ያልኩት እኔ ነኝ።"

ጩጬ ከጓዳው በር ሥር ቆማ አንዴ አያቷን፣ አንዴ አክስቷን ታያለች። እትዬ ጀርባዋን በሩ ላይ አስደግፋለች። እናቷን አቅፋ ታለቅሳለች ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ ካለ፣ አላቀፈቻቸውም፣ አላለቀሰችምም።

"ገባኝ" አለች ብቻ።

ወደ እኔ መጣችና መፍቻውን ዘረጋችልኝ። ጨብጣው ስለቆየች ብረቱ መዳፏ ላይ ቀይ ምልክት ትቷል፤ በአንድ በኩል ቆዳዋ ተልጧል። ምልክቱን ብዙ አየችው።

"ያማል" አለችኝ፣ አዲስ ወሬ እንደምትነግረኝ።